ያገለገለ ኤሲ ልውሰድ ወይስ ይቅርብኝ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«አዲስ ገዝተናል፣ አሮጌውን ውሰደው» ሲባል ደስ ይላል። ሙቀቱ እንቅልፍ በነሳበት ሰሞን ከሆነማ ማን ይጠይቃል? መኪና ፈልጎ መሄድ ነው። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያ አድርጌያለሁ። ያ ኤሲ ግድግዳዬ ላይ ሁለት ወር ተሰቅሎ፣ አንድ ቀን እንኳ በወጉ ሳያቀዘቅዝ ወረደ። ለማስነቀል፣ ለማስገጠም፣ ጋዝ ለማስሞላት፣ እንደገና ለማስሞላት ያወጣሁትን ስደምረው የአዲሱን ግማሽ ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ወዳጅ ዘመድ እንዲህ ያለ ስጦታ ሲቀርብለት ወደ እኔ ይደውላል። ከታች ያሉት የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ናቸው።

በነጻ ከሰጡኝ ምን እከስራለሁ?

ነጻ የሆነው ማሽኑ ብቻ ነው። የሚነቅለው ሰው ይከፈለዋል። የሚገጥመውም ይከፈለዋል። ጋዝ ከጎደለ ጋዝ፣ የመዳብ ቱቦው ካጠረ ቱቦ ይገዛል። ከዚያ በኋላ ደግሞ በየወሩ ቆጣሪው አለ።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ቤቴ ገብቶ እስኪያቀዘቅዝ ድረስ ስንት ያስወጣኛል?» የሚለው ነው። አንድ የኤሲ ባለሙያ ጠይቁና የሚነግራችሁን ከአዲስ ኤሲ ዋጋ ጋር አስተያዩት። እኔ ወጪው ከአዲሱ ዋጋ ሲሶውን ካለፈ አልወስድም። ሕግ አይደለም፤ አንዴ የተቃጠለ ሰው ልማድ ነው።

ሰጪውን መጀመሪያ ምን ልጠይቅ?

«ለምን ሰጣችሁት?» በሉ። ቤት እየለቀቁ ከሆነ ወይም ሳሎኑን አስፍተው ትልቅ ኤሲ ከገዙ ጥሩ ምልክት ነው። «ባለፈው ትንሽ አስቸግሮን ነበር» ካሉ ግን ጆሯችሁ ይቁም። ያቺ «ትንሽ» ብዙ ጊዜ ትልቅ ናት።

ቀጥሎ መቼ እንደተገዛና ለመጨረሻ ጊዜ ጋዝ የተሞላበትን ጊዜ ጠይቁ። በመጨረሻ ደግሞ «አሁንም እንደተሰቀለ ነው ወይስ ወርዷል?» በሉ። እኔ ከሁሉም በላይ የማየው ይህን ነው። ገና ከተሰቀለ እድለኛ ናችሁ። ሄዳችሁ ሲሠራ ሳታዩት ማንም እንዳይነቅለው ንገሯቸው። ሲሠራ ያልታየ ኤሲ መውሰድ ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ መሆን ነው።

የመስኮት፣ የሚገፋ ወይም የግድግዳ መሆኑ ለውጥ አለው?

በጣም አለው። እንዲያውም ግማሹ ውሳኔ እዚህ ላይ ያልቃል።

የመስኮት ኤሲ ሁሉም ነገሩ አንድ ሳጥን ውስጥ ነው። ጋዙ ፋብሪካ ውስጥ ታሽጎ የመጣ ነው። ለመውሰድ ከሶኬት መንቀልና መሸከም ብቻ ነው፤ ቱቦ የሚነካ የለም። እነሱ ቤት ካቀዘቀዘ እናንተም ቤት ያቀዘቅዛል። ችግሩ ክብደቱ ነው። አብዛኛው ከ20 ኪሎ በላይ ስለሆነ ብቻችሁን አትሞክሩት። መስኮታችሁንም አስቀድማችሁ ለኩ።

ጎማ ያለው፣ እየተገፋ የሚሄደው ዓይነትም እንዲሁ የታሸገ ነው። ለማምጣት እንደሱ የሚቀል የለም። ግን አቅሙ ደካማ ነው። አንድ ቱቦ ብቻ ካለው የክፍሉን አየር እየሳበ ወደ ውጪ ያስወጣል፤ በወጣው ፋንታ የውጪው ሙቅ አየር በበር ሥር ይገባል። በአንድ እጅ እያቀዘቀዘ በሌላው ያሞቃል ማለት ይቻላል። ሁለት ቱቦ ያለው ይሻላል። ስትወስዱ ቱቦውንና የመስኮት መድፈኛውን እንዳትረሱ። እነሱ ከጠፉ ማሽኑ ትልቅ ቬንትሌተር ሆኖ ይቀራል።

ስፕሊት የሚባለው፣ አንዱ ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ሌላው ውጪ የሚቀመጠው ነው ራስ ምታቱ። ሁለቱ በመዳብ ቱቦ የተያያዙ ናቸው፤ ጋዙ በዚያ ይመላለሳል። ለመንቀል ቱቦው መፈታት አለበት። የሚያውቅ ባለሙያ መጀመሪያ ማሽኑን እያሠራ አንዱን ቫልቭ ይዘጋና ጋዙን በሙሉ ወደ ውጪው ክፍል ይሰበስባል። ከዚያ ሁለተኛውን ዘግቶ ያጠፋዋል። ይህ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የማያውቅ ሰው ግን ቱቦውን ይቆርጠዋል። ጋዙ በፉጨት ይወጣል፣ በምትኩ አየር፣ እርጥበትና ቆሻሻ ይገባል። የዘመኑ ኤሲዎች ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ውሎ ሲያድር ወደ አሲድነት ይለወጥና ኮምፕረሰሩን፣ ማለትም ጋዙን እየጨመቀ የሚገፋውን ሞተር፣ ከውስጥ ይበላዋል። የእኔው ጉድ ይኸው ነበር። ነቃዩ ሲቆርጥ አጠገቡ ቆሜ «ፈጣን ሰው ነው» እያልኩ አደነቅኩት።

ባጭሩ፣ የመስኮት ኤሲ በነጻ ከተገኘ ብዙ ጊዜ መሞከር ያዋጣል። ስፕሊት ግን እድሜው አነስ ያለ፣ ሲሠራ የታየና በባለሙያ የሚነቀል ካልሆነ አይመከርም።

ተሰቅሎ ሳለ እንዴት ልፈትነው?

ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉና «እስክመጣ አታብሩት» በሉ። ኤሲ የሚፈተነው ከቀዝቃዛ ሲነሳ ነው። ሞቅ ብሎ ከጠበቃችሁ የመነሳት ችግሩን አታዩትም።

ሪሞቱን ወደ ማቀዝቀዝ አድርጋችሁ ዝቅተኛውን ዲግሪ ምረጡ። ወዲያው ባይቀዘቅዝ አትደንግጡ። ብዙ ኤሲ ኮምፕረሰሩን ለመጠበቅ እስከ ሦስት ደቂቃ ድረስ ይዘገያል። ከዚያ ወደ ውጪው ክፍል ሂዱ። ከማራገቢያው የሚወጣው አየር ሞቅ ያለ መሆን አለበት፤ ከቤት የወጣው ሙቀት እሱ ነውና። ውስጡ እየነፋ ውጪው ጸጥ ካለ ኮምፕረሰሩ አልተነሳም። እዝዝ እያለ ደጋግሞ ለመነሳት ታግሎ የሚያቆም ከሆነ ጥፋቱ ካፓሲተር፣ ማለትም ሞተሩን ለማስነሳት የሚያግዘው ዕቃ፣ ሊሆን ይችላል። ካፓሲተር በቀላሉ የሚቀየር ዕቃ ስለሆነ ይህ እንዲያውም ከመጥፎዎቹ ጥሩው ነው። ራሳችሁ ግን ከፍታችሁ አትንኩት። ከመብራት ተነቅሎም ኃይል ይዞ ይቆያል።

15 ወይም 20 ደቂቃ ይሥራ። ቴርሞሜትር ካላችሁ አየር የሚስብበትን ቦታና የሚነፋበትን ቦታ ለኩ። በመካከላቸው ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ልዩነት ካለ በደህና ይሠራል። ሦስትና አራት ዲግሪ ብቻ ከሆነ ሌላ ምርመራ ሳያሻው ታማሚ ነው።

ቱቦዎቹንም እዩ። ወፍራሙ ሲነካ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ አየሩ እርጥበት ካለው ያልበዋል። ቀጭኑ ላይ በረዶ ከጋገረ ብዙ ጊዜ ጋዝ ጎድሏል ማለት ነው። መጋጠሚያዎቹ ላይ የዘይት ወዝ ካያችሁ ደግሞ ጋዙ የሚያፈሰው በዚያ በኩል ነው። ጋዝ ሲወጣ ዘይቱን ይዞ ይወጣል።

ድምፁንም አድምጡ። ወጥ የሆነ ጉምጉምታ ችግር የለውም። የብረት መንኳኳትና መፋጨት ግን ወጪ ነው። ከፈለጋችሁ በስልካችሁ ቅዱና ለባለሙያ አሰሙት።

ተነቅሎ መጋዘን ውስጥ ነው ያለው። ምን ላድርግ?

የመስኮት ከሆነ ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ፈትኑት። ስፕሊት ከሆነ መፈተኛ የለውም። ቢያንስ ሁለት ነገር እዩ። የቱቦዎቹ አፍ ታሽጓል ወይ? ቫልቮቹስ ተዘግተዋል? አፉ ክፍት ሆኖ ወራት ከተቀመጠ፣ በነጻም ቢሆን ይቅርባችሁ። አይጦችም እንዲህ ያለ ቦታ ይወዳሉ፤ ሽቦ ይበላሉ፣ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ላይ ይሸናሉ። ከፍታችሁ ሳታዩ ወደ ቤት አታስገቡ።

«ጋዝ ብቻ ነው የጎደለው» አሉኝ። ቀላል አይደለም?

ይህች አረፍተ ነገር ብዙ ሰው አሳስታለች። የኤሲ ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ አይቃጠልም፣ አያልቅም። ታሽጎ አንድ ቦታ ይዞራል፤ ማሽኑ እስኪሞት ድረስ ያው ጋዝ ነው የሚሠራው። ከጎደለ ያፈሰሰበት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ሳይደፈን ጋዝ መሙላት በተቀደደ ጀሪካን ውኃ መቅዳት ነው።

ቀዳዳው መጋጠሚያ ላይ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። የሳሙና አረፋ ቀብቶ ማግኘት ይቻላል። በቀጫጭን የአሉሚኒየም ክንፎች መካከል ባሉት ቱቦዎች ላይ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ የዚያ ክፍል ነገር አበቃ። «በየክረምቱ እናስሞላው ነበር» ወይም «በየበጋው እንጨምርበት ነበር» ካሉ መልሱን ነገሯችሁ፤ አመስግናችሁ ተመለሱ።

የጋዙ ዓይነትስ ያሳስባል?

አዎ። እንዲያውም ብዙ ሰው የማያየው ይህን ነው። ማሽኑ ጎን ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። አር-22 የሚል ካለ ያረጀ ማሽን ነው። አር-22 የኦዞን ሽፋንን የሚጎዳ ጋዝ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከዓለም ገበያ እየወጣ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጀመሪያ አንስቶ አዲስ ማምረትና ማስገባት አቁማለች። ለታዳጊ አገሮች የተቆረጠው ጊዜ እ.ኤ.አ. 2030 ነው። ዛሬ የሚሠራ አር-22 ኤሲ ነገ ቢያፈስ ጋዙን ማግኘት እየከበደ ይሄዳል ማለት ነው።

አር-410ኤ የሚል ከሆነ ቀጥሎ የመጣው ትውልድ ነው። ኦዞንን አይጎዳም። ምድርን በማሞቅ ግን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,088 እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ እሱም እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊ በተደረሰው የዚያው ስምምነት ማሻሻያ መሠረት እየተቀነሰ ነው። አር-32 አሁን በአዳዲሶቹ ውስጥ ያለው ሲሆን የእሱ የማሞቅ ኃይል 675 እጥፍ ነው። በመጠኑ ተቀጣጣይ ስለሆነ ቱቦው ውስጥ ጋዝ እያለ እሳት የሚያበራ ብየዳ ሠሪ አታስጠጉ።

አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም። አር-410ኤ ከአር-22 በ60 በመቶ ገደማ በላቀ ግፊት ነው የሚሠራው፤ አሮጌው ማሽን አይችለውም። አንዳንድ ሰዎች በአር-22 ማሽን ውስጥ ፕሮፔን ይሞላሉ። ያቀዘቅዛል፣ አዎ። ግን ለዚያ ታስቦ ባልተሠራ ማሽን ውስጥ፣ አልጋችሁ አጠገብ፣ የሚፈነዳ ጋዝ ነው። «ምን ተሞልቶበት ያውቃል?» ማለት አትርሱ።

ስንት ዓመት ያገለገለ ነው የሚወሰደው?

በደንብ የተያዘ ስፕሊት ከ10 እስከ 15 ዓመት ይቆያል። የመስኮት ትንሽ ያነሰ ነው። እኔ ከ7 ዓመት በላይ የሆነ ስፕሊት አልነካም፤ አስገጥሜው የሚቀረው እድሜ ድካሙን አያክልም። ባለቤቱ «ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው» ቢል እንኳ የተለጠፈውን የምርት ዓመት እዩ። ሰው ስለ ኤሲ ዕድሜ ሲናገር እንደ ራሱ ዕድሜ ይቀንሳል።

ትልቅ ቢሆን አይሻልም? ክፍሉን ቶሎ ያቀዘቅዛል

አይሻልም። የኤሲ አቅም፣ ማለትም በሰዓት ከክፍሉ የሚያወጣው ሙቀት፣ በቢቲዩ ይለካል። 12,000 ቢቲዩ አንድ ቶን ይባላል፤ ስያሜው ኤሲ ከመምጣቱ በፊት በበረዶ ይቀዘቅዝ ከነበረበት ዘመን የቀረ ነው። አንድ የአሜሪካ ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ሲቀልጥ በየሰዓቱ የሚወስደው ሙቀት ማለት ነው። ለተራ መኝታ ቤት 9,000 ቢቲዩ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለሰፊ ክፍል፣ ጣሪያው ከፍ ላለ ወይም ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ለሚመታው 12,000 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል።

ከሚገባው በላይ ትልቅ ከሆነ ክፍሉን በደቂቃዎች ያቀዘቅዝና ይቆማል። ተመልሶ ይነሳል፣ ይቆማል። በዚህ መሀል ከአየሩ ላይ እርጥበት የመምጠጫ ጊዜ አያገኝም። ክፍሉ ቀዝቃዛ ግን ረጠብ ያለ፣ ልብስ የሚያጣብቅ ይሆናል። ዊሊስ ካሪየር እ.ኤ.አ. በ1902 ዘመናዊውን ኤሲ የነደፈው ለአንድ የብሩክሊን ማተሚያ ቤት ነበር፤ ወረቀቱ በእርጥበት እየተለጠጠ ቀለም አልገጥም ብሎ አስቸግሮ ነበር። ከጅምሩ የታሰበው እርጥበትን ለመቆጣጠር ነው። ይህን የማይሠራ ኤሲ ግማሽ ሥራውን ትቷል።

መብራት ምን ያህል ይበላል?

እዚህ ላይ እንደማመር። አሮጌ 12,000 ቢቲዩ ኤሲ የብቃት ቁጥሩ (በአንድ ዋት የሚያወጣው ቢቲዩ) 8 ነው እንበል። 12,000ን ለ8 ስናካፍል 1,500 ዋት ይመጣል። ብቃቱ 12 የሆነ አዲስ ማሽን ግን 1,000 ዋት ነው የሚፈልገው። በቀን 8 ሰዓት፣ ለ30 ቀን ሳያቋርጥ ቢሠራ አሮጌው 360 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፣ አዲሱ 240። ልዩነቱ በወር 120 ነው። በእርግጥ ኮምፕረሰሩ እያረፈ ስለሚሠራ ትክክለኛው ፍጆታ ከዚህ ያንሳል፤ የሁለቱ ልዩነት ግን አይጠፋም። ያንን 120 በምትከፍሉበት ታሪፍ፣ ከዚያም በሞቃቱ ወራት ቁጥር አባዙት። አንዳንዴ የነጻው ኤሲ በዓመታት ውስጥ ከአዲሱ ዋጋ ጥቂት የማይባለውን ሲበላ ታያላችሁ።

በዓመት ውስጥ ለጥቂት ሳምንት ብቻ የምታበሩት ከሆነ ግን ይህ ስሌት ብዙም አያስጨንቅ። አሮጌውን ውሰዱት።

ኢንቨርተር የሚባለው ፍጥነቱን እንደ አስፈላጊነቱ ዝቅና ከፍ ስለሚያደርግ መብራት ይቆጥባል። ያገለገለ ኢንቨርተር ሲሠራ ግሩም ነው። ሲበላሽ ግን ቦርዱ ውድ ነው፣ ለድሮ ሞዴልም ላይገኝ ይችላል።

የቤቴ መስመር ይችለዋል?

1,500 ዋት በ220 ቮልት ሲሆን ወደ 7 አምፒር ይጠጋል። ይህ ብቻውን አያስፈራም። ግን ኢንቨርተር ያልሆነ ኮምፕረሰር ሲነሳ ለቅጽበት ከዚያ ብዙ እጥፍ ይስባል። ቤቱ ያረጀ ሽቦ ካለው መብራቱ ብልጭ ሲል የምታዩት ለዚህ ነው። ለኤሲው የራሱ ብሬከርና የራሱ መስመር ይዘርጋለት። በምንም ተአምር በኤክስቴንሽን ገመድ አታሠሩት፤ ገመዱ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ እሳት ያስነሳል።

ማሽኑ ከሌላ አገር የመጣ ከሆነ ቮልቴጁንና ኸርዙን (የኤሌክትሪኩን ፍሪኩዌንሲ) እዩ። ትራንስፎርመር ቮልቴጅን እንጂ ኸርዝን አይቀይርም። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ተራ ሞተር በ50 ኸርዝ ሲሠራ በስድስተኛ እጅ ያህል ይዘገያል፣ ይግላል፣ ቶሎም ይሞታል። ለሁለቱም እንደሚሆን ካልተጻፈበት አትውሰዱት።

ሲበራ ይሸታል። ይለቃል?

የሻጋታ ሽታ አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። ማጣሪያውን ማጠብ፣ ውስጡን በኤሲ ማጽጃ ማሳጠብ፣ የውኃ መውረጃውን መክፈት ነው። የአስም ሕመም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ሳይታጠብ አንድ ቀንም አይብራ። ለዓመታት ሲጋራ የተጨሰበት ቤት የነበረ ኤሲ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጭሱ ፕላስቲኩ ውስጥ ጭምር ገብቷል። የተቃጠለ ሽቦ ከሸተታችሁ ወዲያው አጥፉና ይቅርባችሁ።

ሪሞት የለውም። ልተወው?

በዚህ ብቻ አትተውት። ለሁሉም የሚሆኑ ሪሞቶች አብዛኛውን ሞዴል ያሠራሉ።

ተከራይ ነኝ። ልውሰድ?

ስፕሊት ግድግዳ ይበሳል። መጀመሪያ አከራዩን አስፈቅዱ፤ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። ደግሞም ቤት በቀየራችሁ ቁጥር መልሶ መንቀልና መግጠም አለ። ለተከራይ የመስኮት ወይም የሚገፋው ይሻላል።

እምቢ ማለት ከበደኝ። ይሉኝታ ያዘኝ

ብዙውን ጊዜ ያበላሸን ማሽኑ ሳይሆን ይሉኝታው ነው። አጎቴ ሰጠኝ፣ አለቃዬ ሰጠኝ፣ እንዴት ልመልስ እያልን የማይሆን ነገር እንሸከማለን። እኔ ጥፋቱን በቤቴ ላይ አላክካለሁ። «ባለሙያ አሳይቼው የቤቴ መስመር አይችለውም አለኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ። ማንም አይቀየምም። ደግሞ አብዛኛው ሰጪ የሚፈልገው ቦታውን እንዲያስለቅቁለት ነው። ከቸኮለ ለሌላ ሰው ይደውላል።

እሺ፣ ልወስደው ነው። እንዴት ላጓጉዘው?

ቀጥ ብሎ፣ ሲሠራ እንደሚቆመው። በጎኑ ከተኛ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ሊፈስ ይችላል። የግድ ካጋደላችሁት ካቆማችሁት በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ሳትሰኩት ይቆይ። ስፕሊት ከሆነ የቱቦዎቹ አፍ ይታሸግ፤ አሮጌውን ቱቦ ለማትረፍ ብላችሁም አታጣምሙት። መዳብ ታጥፎ ሲቃና ይሰነጠቃል። አዲስ ቱቦ ማስገባት ይሻላል።

ገጣሚው ሲመጣ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፤ «ቫኪዩም ፓምፕ ይዘሃል?» ቱቦው ውስጥ የገባው አየርና እርጥበት በፓምፕ ካልወጣ ማሽኑ ዛሬ ቢያቀዘቅዝም ዕድሜው ያጥራል። «አያስፈልግም፣ ጋዙን ለቀቅ አድርጌ አየሩን አስወጣዋለሁ» ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ወስጄው ባይሠራስ?

ቱቦውን ቆርጦ ለብረት ሰብሳቢ መስጠት ይቀላል፤ ጋዙ ግን አየር ላይ ይወጣል። በብዙ አገር በሕግም የተከለከለ ነው። ጋዙን በሲሊንደር ሰብስቦ የሚወስድ ባለሙያ ፈልጉ። አንዳንዱ ጋዙ ለሌላ ሥራ ስለሚጠቅመው በጥቂት ክፍያ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መዳብና አሉሚኒየም ነው፤ እሱ ይሸጣል። እኔ ያንን ኤሲ ሳሰናብት ያገኘሁት ገንዘብ ለነቃዩ የከፈልኩትን ብቻ መለሰልኝ።